የአስራ አንድ ደቂቃው መንገድ

መስከረም 10

ይድረስ ለአክስቴ ለእታለም፣

ባሉበት ሰላምና ጤና አይለይዎት። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አሁንም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወጡት ወይስ መሀል ላይ ቆም ብለው ጎረቤት ማማት ጀምረዋል? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ከመብዛቱ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ የጎደለብኝማ እርስዎ ነዎት።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልዎት የሥራ ባልደረባዬ ናት። አብራ ያስረከበችዎት ትንሽ ፍላሽ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ስንለፋበት የከረምነው ጌም አለ። እንደሚያውቁት ስድስት ነን፤ ብስክሌት ከሚጠገንበት ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ቀኑን ሙሉ የመዶሻ ድምፅ ከታች እየሰማን ነው የምንሠራው። ጌሙ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተፎካካሪ የለ፣ ተኩስ የለ። ጎርፍ የመታት ከተማ አለች። እርስዎ ቁልፍ ሠሪ ሴት ሆነው፣ ውሃው ያመጣውን ስድሳ ሁለት ቁልፍ ለየባለቤቱ ይመልሳሉ። ቁልፉ በገጠመ ቁጥር በር ይከፈታል፣ የቤቱም ታሪክ ይሰማል።

ንግግሩን ሁሉ ወደ ቋንቋችን የመለስኩት እኔ ነኝ። የሚያርምልኝ ግን አጣሁ። ማተሚያ ቤት ተቀምጠው ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ሲለቅሙ የኖሩ አክስት እያሉኝ ሌላ ሰው ፍለጋ መዞር ደግሞ ነውር ነው። ያገኙትን ስህተት ሁሉ ጽፈው ይላኩልኝ። በስልክ እንደሆነ ሁለታችንም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ከማለት አናልፍም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፦ ሲጫወቱ አይቸኩሉ። በተለይ መንገዱን በደንብ ይዩልኝ።

እጅዎን እስማለሁ።
የእርስዎው ጥድፌ


ጥቅምት 8

ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣ ለጥድፌ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ ከክፉ በሽታ፣ ከክፉ ጎረቤትና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ። እናትሽ ደህና ናት፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሌሊት ፈረቃ የለም ብላ እስከ ረፋድ ትተኛለች።

ፍላሿን ከታች ፎቅ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ኮምፒውተሬ ላይ አስተካከለልኝ። «እማማ፣ ጌም ሊጫወቱ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «አልጫወትም፣ ሥራ ተልኮልኝ ነው» አልኩት፤ ደረቴን ነፍቼ።

እስካሁን ሃምሳ ሰባት ስህተት ይዤልሻለሁ፤ ዝርዝሩ ለብቻው ተያይዟል። ልጄ፣ «ሐዘን»ን በሦስት ዓይነት ሀ ጽፈሽዋል፤ ያገኘሽውን ነው የምታነሺው? ቁልፍ ሠሪዋ «ሠላም» ብላ ገብታ «ሰላም» ብላ ትወጣለች። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ «እጄ ተቃጠለ» ማለት ሲገባው «እጄ ተቋጠረ» ይላል፤ ምን ሆኖ እንደሆነ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። በተረፈ አማርኛሽ ያምራል። ልጅቷ አልረሳችውም ብዬ ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህ ነገራችሁ ምን ነካው፣ እንዲህ የሚጎተተው? ሰዎቹ ንግግራቸውን አንድ ፊደል፣ አንድ ፊደል እያሉ ነው የሚለቁት። እኔ ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ጨርሼ ሳበቃ ሰውየው ገና «እን... ዴ...» ላይ ነው። ቁልፍ ስትሞክርም እንደዚያው ነው፦ ኪሷ ትገባለች፣ ታወጣለች፣ እፍ ትልበታለች፣ ትከታለች፣ ታዞራለች፣ አልሆነም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ስምንት ቁልፍ ከያዘች ስምንቴ! ከሁሉም ከሁሉም ከላይ ሰፈር እስከ ታች ገበያ ያለው መንገድ አስራ አንድ ደቂቃ ነው። በሰዓት ይዤዋለሁ። መሀል ላይ የሚያናግራት ሰው እንኳ የለም። ተነስቼ ሰሃን አጥቤ ስመለስ አሁንም እየሄደች አገኘኋት።

ማፍጠኛ ነገር የለውም? ካለው ንገሪኝ፤ ከሌለው አድርጊለት።

ሰላም ሁኚልኝ፤ ያሰብሽው ይቅናሽ።
አክስትሽ


ጥቅምት 30

ለምወድዎ እታለም፣

ዝርዝሩ ደረሰኝ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። የዳቦ ጋጋሪውን እጅ ፈትቼለታለሁ። ሦስቱን ሀዎች ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ታየኝ።

ስለ ዝግታው ያሉኝን ለአለቃችን ነገርኩት። እሱ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። «ዝግታው ጌሙ ነው» ይላል፤ ሰው በእግሩ ሲሄድ ነው ከተማ የሚያውቀው ባይ ነው። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት አለው። የሚሸጡልን ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ሰዓት ያጫውታል?» ብለው ነው። መንገዱና ቁልፍ ሙከራው ከፈጠነ የአርባ ሰዓቱ ጌም አስር ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቢሆንም የንግግሩን ነገር አሸንፌዋለሁ። ከአሁን በኋላ ማውሱን አንድ ጊዜ ሲጫኑ ጽሑፉ ሙሉውን ይወጣል። አዲሱን ቅጂ በኢንተርኔት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልኬለታለሁ፤ እሱ ይጭንልዎታል።

መንገዱን ግን... እታለም፣ መንገዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሌላው ሥራ የስድስታችን ነው፤ ያቺ መንገድ ግን ከላይ እስከ ታች የብቻዬ ናት። ዓመት ከአራት ወር ፈጅታብኛለች። እያንዳንዱን ድንጋይ፣ እያንዳንዱን በር በእጄ ነው ያስቀመጥኩት። ሰሃን ሊያጥቡ ተነሱ? እየሄዱ ሳለ ምንም ያስተዋሉት ነገር የለም? እባክዎ አንዴ ብቻ ቀስ ብለው ግራ ቀኝ እያዩ ይሂዱባትና የታየዎትን ይጻፉልኝ።

ናፍቆት ብቻ ነኝ።
ጥድፌዎ


ታኅሣሥ 12

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። መልሴ የዘገየው ነገር ስለበዛብኝ ነው፤ ምንም አይደለም።

ንግግሩ በመፍጠኑ ተመስገን። ነገር ግን ፊደሉ ትንሽ ነው፤ ማሳደግ ይቻላል? ከተቻለ በጣም ትልቅ አድርጊው። ጥቁሩም ይጥቆር። መንገዱና ቁልፉም ይፍጠን። አለቃሽን እንደገና ለምኚልኝ፤ አሮጊት አስቸገረችኝ በይው፣ ያሻሽን በይው።

መንገድሽን አየሁት። ጥሩ መንገድ ነው፣ ድንጋዩም ያምራል።

እስክሪብቶዬ ርካሽ ነውና ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ። አሁን የደረስኩት አስራ ስድስተኛው ቁልፍ ላይ ነው። የዚህን ጊዜ ስህተት ዝርዝር ከጀርባ ጽፌዋለሁ፤ አራት ብቻ ነው ያገኘሁት።

ሰላም ዋይ።
አክስትሽ


ጥር 4

ለእታለም፣

ደብዳቤዎን ሰባት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አልደብቅዎትም፣ መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። «ጥሩ መንገድ ነው፣ ድንጋዩም ያምራል» ምን ማለት ነው? ይህ እርስዎ የሚጽፉት ነገር ነው? እርስዎ ስለ አንድ ነጠላ ሰረዝ አንድ ገጽ የሚጽፉ ሴት ነዎት። መንገዷን ሳያዩ አየሁ ብለው ያለፉኝ መሰለኝና ሁለት ቀን አኩርፌ ሰነበትኩ።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ይዤ በደንብ አየሁት። ፊደልዎ ከበፊቱ ሁለት እጥፍ አድጓል። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ወጥቷል። ርካሽ እስክሪብቶ እንዲህ አያደርግም። ደግሞ ስህተቱን አራት ብቻ ነው ያገኘሁት ብለዋል። እኔ አሁን ራሴ ስፈትሽ ያው ያረሙልኝ ክፍል ውስጥ ሃያ ዘጠኝ አገኘሁ። አንዱ በሩ ላይ በትልቁ መጻፍ የነበረበት «ልብስ ሰፊ» ነው፤ ሁለት «ስ» ደርቤ «ልብስስ ሰሪ» ብዬ ጽፌው ሳለ አልፈውታል። እታለም፣ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወትዎ አልፈው አያውቁም።

እናቴን በስልክ ብጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፣ እሷን ጠይቂ» አለችኝ። እናቴ «እኔ ምን አውቄ» ካለች የምታውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ምን ሆነዋል? እባክዎ ሳይሸፋፍኑ ይንገሩኝ።

ልጅዎ


ጥር 26

ለጥድፌ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናው፣ ክፉ ከቤትሽ አይግባ። እናትሽን አትቆጫት፤ እኔ ነኝ ያስማልኳት።

ዓይኔ ነው። የማየው ነገር መሀሉ ላይ ይጠፋል፤ ዳር ዳሩ አለ። የሰው ፊት ሳይ ጆሮው ይታየኛል፣ አፍንጫው ጭጋግ ነው። ፊደል ሳይ ደግሞ ያየሁት ፊደል ይሸሽና ጎረቤቱ ይታያል። አንዱ ዓይኔ አምና ነው የጀመረው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጌምሽ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት። ሐኪሟ ልጅ ናት፣ ግን አትዋሽም። «መርፌው ባለበት ሊያቆመው ይችላል፤ የሄደውን ግን አይመልስም» አለችኝ። «ስንት ጊዜ አለኝ?» ብላት «አላውቅም፤ ማየት የሚፈልጉትን አሁን ይዩ» አለችኝ።

ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ጥሩ ዓይን አለኝ። ከዚያ በኋላ ይደክምና ሁሉም ይደባለቃል። እንግዲህ አስቢው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ዓይን ነው ያለኝ። ከግማሽ ሰዓቷ አስራ አንዱን ደቂቃ መንገድሽ ይበላዋል፣ ቁልፍ መሞከሩ የቀረውን። ሰው ማናገር ስጀምር ዓይኔ አበቃ። ያንቺን ደብዳቤ በማጉያ መነጽር ያነበብኩ ቀን ደግሞ ጌም የለም። አስራ ዘጠነኛውን ቁልፍ መልሻለሁ፤ ስድሳ ሁለት ነው ብለሽኛል።

ያልነገርኩሽ ለምን መሰለሽ? ብነግርሽ ሦስት ዓመት የለፋሽበትን ሊያልቅ ሲል ጥለሽ ትመጫለሽ። ማፍጠኛ ስጪኝ ያልኩሽም ሰልችቶኝ አይደለም፤ ያንቺን ሥራ እስከ መጨረሻው ሳላየው ዓይኔ እንዳይሄድ ብዬ ነው የተጣደፍኩት። ይኸው ነው።

ሃያ ዘጠኝ ስህተት አልፌያለሁ? እሱ ነው ያስለቀሰኝ፤ ሌላውስ ግድ የለም።

አክስትሽ


የካቲት 20

ለእታለሜ፣

ይህን ደብዳቤ በኮምፒውተር በትልቅ ፊደል አትሜ የላክሁልዎት በቶሎ እንዲያልቅልዎ ነው። ስለዚህ ለቅሶውን እዘለዋለሁ፤ ስደውልልዎ ሁለታችንም ከበቂ በላይ ሠርተነዋል። «ቆጣሪው ይሮጣል፣ ዝጊና ጻፊልኝ» ያሉኝን ግን መቼም አልረሳውም።

የሆነውን ልንገርዎት። ደብዳቤዎን ይዤ ሥራ ገባሁና አለቃችን ፊት ቆሜ በእሱ ቋንቋ እየመለስኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። ሌሎቹም እጃቸውን ከሥራ ላይ አነሱ። 

«ስንት ደቂቃ ነው ያላት?» አለኝ አለቃችን ስጨርስ።

«ሠላሳ።»

ስልኩን አውጥቶ ሠላሳ ደቂቃ ላይ እንዲጮህ ሞላው። ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠና እርስዎ የደረሱበትን ቦታ ከፍቶ መጫወት ጀመረ። እኛ ከኋላው ቆመን እናያለን፤ ከታች የብስክሌት ሠሪው መዶሻ ብቻ ነው የሚሰማው። መንገዱን ሄደ። ቁልፍ ሞከረ። እንደገና ሞከረ። ወደ ላይ ተመለሰ። ስልኩ ሲጮህ አንድ በር ከፍቶ ሴትየዋ ልታወራ አፏን መክፈቷ ነበር።

«አንድ ቁልፍ» አለ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ። «አንድ ቁልፍ ብቻ!»

ጉንዳን የምንለው ሠዓሊያችን ጣቱን እየቆጠረ «አርባ ሦስት ቁልፍ ቀርቷታል፤ አርባ ሦስት ቀን ማለት ነው፣ ደብዳቤ የምታነብበት ቀን ሳይቆጠር» አለ።

«ሻጮቹ አጠረ ካሉ እኔን ይበሉኝ» አለ አለቃችን። «ሥሩት። ዛሬውኑ።»

አንድ ነገር ልናዘዝ። በፊት እምቢ ሲለኝ በጣም አልተከራከርኩትም ነበር። መንገዴን የሚዘል ሰው እንዳይኖር ውስጤ ይፈልግ ነበርና እምቢታው ተስማምቶኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ማፍጠን እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ ሰዓቱን ስምንት እጥፍ ስናደርገው ከተማው በሙሉ አበደ። ውሻው በግድግዳ ውስጥ አልፎ ወንዝ ገባ። ሰዎቹ እንደ አይጥ ጮሁ። ቁልፍ ሠሪዋ ሳትደርስ በሩ ተከፍቶ፣ ባለቤቱ ማንም በሌለበት አመስግኖ ተመለሰ። ችግሩ ሁሉንም አብረን ማፍጠናችን ነበር። እርምጃውን ለብቻ፣ ቁልፍ ሙከራውን ለብቻ፣ ጀልባ ጥበቃውን ለብቻ ለይተን ስናፈጥን ሌላው በወጉ ቀረ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብን።

አሁን የሚያደርጉት ይህን ብቻ ነው። ከኮምፒውተሩ ፊደላት ሥር ያለውን ረጅሙን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ ይፈጥናል፤ ሲለቁት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። አስራ አንዱ ደቂቃ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሰከንድ ሆኗል። የመደመር ምልክቷን ሲጫኑ ደግሞ ያዩት ነገር ሁሉ ይቀርባል፣ ይተልቃል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነገ ይጭንልዎታል፤ አነጋግሬዋለሁ።

ስለ መንገዷ ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም። ተጭነው ይለፏት።

ልጅዎ


መጋቢት 17

ለልጄ ለጥድፌ፣

ሰላምና ጤና እንደ ጥላ ይከተልሽ። አለቃሽንም ፈጣሪ ይባርከው፤ መልኩን ሳላየው ወድጄዋለሁ።

ጨረስኩት! በአስራ አንድ ቀን አርባ ሦስቱንም በር ከፈትኩ። በቀን ሦስት አራት፣ ቀን ሲያሳልፈኝ አምስት። ያቺን ረጅም ቁልፍ አውራ ጣቴን አሳርፌባት ቁልፍ ሠሪዋ እንደ ቆቅ ስትፈተለክ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «እማማ ቀስ፣ ሰው ይገጫሉ!» ይለኛል። እሱም ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ብቅ እያለ ማየት ጀምሯል። የባለ መንታዎቹ በር ሲከፈት ሁለታችንም አለቀስን። የመጨረሻውን በር አልነግርሽም፤ ራስሽ የሠራሽውን ምን እነግርሻለሁ። ደግ አድርገሽ ጨርሰሽዋል።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ዓይን አለኝ፤ የምከፍተው በር የለኝም። ምን ላድርግ ብዬ ሳስብ ያቺ ልጅ መንገዷን ይዩልኝ ብላ ነበር አልኩና ከላይ ሰፈር ጀመርኩ። ረጅሙን ቁልፍ አልነካሁም። መደመሯን እየተጫንኩ፣ ፊቴን ወደ ጎን አዙሬ በዓይኔ ዳር ነው የማየው፤ አሁን እንዲያ ነው የማየው።

የጫማ ሠሪ ማስታወቂያ አየሁ። አንድ እግር ጫማ ብቻ የተሳለበት። ሳቄ መጣ፤ እኛም ሰፈር ቀለም አልቆበት አንዱን እግር ብቻ ስሎ የቀረ ጫማ ሠሪ ነበር። ትንሽ ሄድኩ። ብረት መደገፊያ ያለው ደረጃ። ቆጠርኩት፤ ሠላሳ ሰባት። ግድግዳ ላይ የሚያንጠባጥብ ቱቦ፣ ሥሩ የተቀመጠ የቀለም ቆርቆሮ። ያን ጊዜ እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁ።

ጥድፌ! ይህ ከቤታችን እስከ ማተሚያ ቤት ያለው መንገድ ነው!

እናትሽ ቀን ፈረቃ ስትገባ አራት ዓመት ሙሉ ይዤሽ የተመላለስኩበት። እኔ ደግሞ በላዩ ላይ ሰሃን አጠብኩበት። በዚያ ቀን ከዚህ በላይ መሄድ አልቻልኩም፤ ዓይኔ በሌላ ነገር ተሞላ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልኩ በስድስት ቀን ነው የጨረስኩት። ቢላ የሚስለውን ሰውዬ አገኘሁት። አንድ ጆሮ የሌለውን ውሻ አገኘሁት። ታች ደርሼ የማተሚያ ቤቱን መስኮት ሳቀርበው ሁለት ሴቶች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ታርማለች። ጠረጴዛው ሥር ደግሞ የልጅ እግር ይታያል። እኔን በአረንጓዴ ሹራብ አድርገሽኛል። ሰማያዊ ነበር፤ አስተካክዪው።

ሌላም ስህተት አለ። ያ መንገድ አስራ አንድ ደቂቃ አልነበረም፤ አራት ደቂቃ ነው። እኔ ብቻዬን ስሄድ አራት ነበር። አስራ አንድ የሚሆነው ካንቺ ጋር ነው። እግርሽ አጭር ነበር፤ ቱቦው ጋ ቆመሽ ጠብታ ትቆጥሪያለሽ፣ ውሻውን ሰላም ትያለሽ፣ ደረጃውን እንደገና ከላይ ካልጀመርኩ ብለሽ ታለቅሻለሽ። ጥድፌ ያልኩሽ ለምን ይመስልሻል? ቸኳይ ስለነበርሽ መሰለሽ? «ነይ ጥድፌ፣ ነይ እንጂ ጥድፌ» እያልኩ ስጎትትሽ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅ ነበር።

አራት ዓመት በየቀኑ ሰባት ደቂቃ አርፍጄ ገብቻለሁ። የክፍሉ ኃላፊ «ምነው፣ መንገዱ ራቀ እንዴ?» ሲለኝ «አዎ፣ ራቀ» እለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተሸክሜሽ ልሩጥ አላልኩም። ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ስህተት ነው ብዬ ካሰመርኩበት በኋላ ሰርዤዋለሁ። አስራ አንድ ይሁን። ማፍጠኛውንም ግን እንዳታወጪው። ሰው የራሱ ግማሽ ሰዓት ይኖረዋል፤ በምኑ ላይ እንደሚያጠፋው እሱ ይወቅ።

የምትወድሽ አክስትሽ


ሚያዝያ 10

ለእታለሜ፣

ደብዳቤዎን ደረጃ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ብስክሌት ሠሪው «ክፉ ወሬ ነው?» ብሎ መጥቶ ውሃ ሰጠኝ። «የለም፣ ልጅ ሳለሁ ዘገምተኛ ነበርኩ አሉ» አልኩት። ምንም አልገባውም።

ሹራቡ ሰማያዊ ሆኗል።

ጌሙ ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሀብታም አላደረገንም፣ ግን የክፍሉን ኪራይ ይችላል፤ ሁለተኛ ጌም ለመጀመር እየተነጋገርን ነው። አጠረ ያለን ሰው አለ፤ አለቃችን ለእያንዳንዱ በትሕትና ይመልሳል። ብዙው ሰው ግን የሚጽፍልን ስለ ማፍጠኛው ነው። አንድ አባት «ሕፃኗ እስክትነቃ ያለችኝ ሃያ ደቂቃ ናት፤ በሃያ ደቂቃ በር መክፈት ቻልኩ» ብሎ ጻፈ። እጇ የሚንቀጠቀጥ አንዲት ሴት ደግሞ ስምንቱን ቁልፍ ስምንት ጊዜ ከመሞከር ስላዳንናት አመስግናናለች። ደብዳቤው በመጣ ቁጥር ጉንዳን «ለአሮጊቷ አንብቡላት» ይላል።

ትልቁን ወሬ ወደ መጨረሻ አቆየሁት። ግንቦት 24 እመጣለሁ። ለሳምንት አይደለም፤ አለቃችን ሥራሽን ይዘሽ ሂጂ ብሎኛል፣ አምስት ወር እቆያለሁ። የመርፌዎን ቀጠሮ ቀናት ለሐኪሟ ደውዬ ጽፌያቸዋለሁ፤ አብረን ነው የምንሄደው። «አያስፈልግም» የሚለውን መልስ አልቀበልም።

ምን ይዤልዎት ልምጣ? መብራት ያለው ማጉያ? ፊደል የሚያነብ መሣሪያ? ያዘዙኝን ሁሉ።

እጅዎን እስማለሁ፤ በቅርቡ በእውነት።
ጥድፌ


ግንቦት 2

ለጥድፌ፣

ይህችን ወረቀት ለመጻፍ ሦስት ጠዋት ፈጅቶብኛል፤ ፊደሌ ትልቅ ስለሆነ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ጥቂት ነው። መርፌው ግራውን ዓይኔን ባለበት ያዘው ትላለች ሐኪሟ። ቀኙ ግን ደህና ሁኚ ብሎኛል።

ማጉያ አልፈልግም። የሚያነብ መሣሪያም አልፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንዱን አሰምቶኛል፣ ነጠላ ሰረዝ አያውቅም።

ከሄድሽ ጀምሮ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ በሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የአስራ ሁለት ዓመት ነው። አብዛኛውን ሥራ ላይ ሳለሁ በሻይ ሰዓት፣ ስሮጥ ነው ያነበብኩት። አሁን እንደገና ላነበው ብል በቀን ግማሽ ሰዓቴ አይዘልቅም።

ስለዚህ ባዶ እጅሽን ነይ። አንቺ አንባቢ፣ እኔ አራሚ እንሆናለን፤ እንደ ማተሚያ ቤቱ፣ ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ሳይቀር እየጠራሽ። ቀስ ብለሽ ታነቢያለሽ።

መስመር ብትዘዪ አውቃለሁ።

አክስትሽ